ያልተጠየቀ ሕመም

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ታይፎይድ ያዘኝና ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤት ተኛሁ። በእነዚያ ቀናት የቤታችን በር ተዘግቶ አያውቅም ነበር። የእናቴ የጽዋ ማኅበርተኞች፣ የእድሩ ዳኛ፣ አብሮ አደጎቼ፣ ስሜን እንኳ በቅጡ የማያውቁ የአባቴ የሥራ ባልደረቦች ሳይቀሩ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው ይገባሉ፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው «እግዜር ይማርህ» ይሉኛል፤ ቡና ጠጥተው ይወጣሉ። ብርቱካኑ ከመብዛቱ የተነሣ እናቴ መልሳ ለጎረቤት ታድለው እንደነበር አስታውሳለሁ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ24 ዓመቴ፣ ሌላ ሕመም ታመምኩ። ሥራ ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። መጀመሪያ እንቅልፌ ቀነሰ፤ ቀጥሎ ከነጭራሹ ጠፋ፤ ሆኖም ድካም የሚባል ነገር አልተሰማኝም። ሐሳቤ ከምላሴ እየቀደመ፣ በመሥሪያ ቤቱ የሒሳብ መዝገብ ውስጥ አገር የሚያድን ምስጢር እንደተጻፈና ያንን ማንበብ የቻልኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩ አመንኩ። በሳምንቱ መጨረሻ ደመወዜን መንገድ ላይ ለማላውቃቸው ሰዎች አከፋፍዬ፣ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ስናገር፣ ወንድሜና ሦስት የሰፈር ጎረምሶች በገመድ አስረው ሆስፒታል አደረሱኝ። አምስት ሳምንት ተኝቼ ወጣሁ። ሕመሙ ባይፖላር እንደሚባል ያወቅሁትም እዚያው ነው። በእነዚያ አምስት ሳምንታትም ሆነ ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት አንድም ብርቱካን ወደ ቤታችን አልገባም።

በሰዎቹ ላይ ብቻ አልፈርድም። እናቴ ራሷ ለጠየቃት ሁሉ «ክፍለ ሀገር አጎቱ ዘንድ ሄዷል» ትል ነበር። የሰፈሩ ሰው ጣሪያ ላይ ቆሜ ያየኝ ስለሆነ አጎቴ የት እንደሚኖር በደንብ ያውቃል፤ ነገር ግን እናቴን ላለማሳፈር ሲል ያልሰማ መስሎ ያልፋል። እሷ እነሱን ሸሸች፤ እነሱም ለእሷ ሲሉ ሸሹ፤ በመካከል እኔ መጋረጃው የተዘጋ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ሳይ ከረምኩ።

በአማርኛችን ያላወቁትን ለማወቅ መፈለግና የታመመን ሰው ሄዶ ማየት በአንድ ግሥ ይነገራሉ፤ ሁለቱም መጠየቅ ናቸው። የማይጠየቅ ታማሚ እንግዲህ በሁለቱም በኩል ይጎዳል፦ የሚመጣለት ሰው የለም፤ ምን እንደሚሰማው የሚያነሣበትም ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ ባለፉት 11 ዓመታት በእግሬ ካቆሙኝ ነገሮች መካከል ከመድኃኒቱ ቀጥሎ የማስቀምጠው ጠያቂን ነው፤ በተለይም እኔ የደረስኩበት ቦታ ደርሶ የተመለሰ ጠያቂን። ባለሙያዎች ይህን «የአቻ ለአቻ ድጋፍ» ይሉታል። ስሙ ትንሽ የቢሮ ሽታ ቢኖረውም እኔም አንዳንድ ጊዜ እጠቀምበታለሁ።

ከሆስፒታል እንደወጣሁ ከሁሉም በላይ ያደከመኝ «ድነሃል?» የሚለው ነበር። መዳን በእኛ ቋንቋ ከባድ ቃል ነው። የነፍስ መዳን እንደሚባለው አንድ ጊዜ ሆኖ የሚያልቅ፣ ግማሽ የሌለው ነገር ነው፤ ሰው ወይ ድኗል፣ ወይ አልዳነም። በዚህ ሚዛን ከተለካሁ በየማታው ኪኒን የምውጥ እኔ መቼም ቢሆን አልዳንኩም። ቤተሰቤ መድኃኒቱን እንዳቆም ይገፋፋኝ የነበረውም ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ኪኒኑ መደርደሪያው ላይ እስካለ ድረስ ልጃቸው እንዳልዳነ የሚመሰክር ስለመሰላቸው ነው። ሁለት ጊዜ አቆምኩ። ሁለት ጊዜም ተመልሼ ተኛሁ።

ማገገም ግን ሌላ ነገር ነው። ወባ የለቀቀው ሰው ጋቢውን ደርቦ ደጅ ሲወጣ፣ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ከቀረበለት ቀምሶ የሰው ወሬ ሲሰማ «አገገመ» ይባላል። ጉልበቱ ገና አልጠናም፤ ምናልባትም ወባው በሚቀጥለው ክረምት ይመለስበታል፤ እንደዚያም ሆኖ ሰው መካከል ተመልሷል። በዚህ ዘርፍ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ዊልያም አንቶኒ እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረበው ሐሳብም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ማገገም ማለት ሕመሙ ያስከተለው ገደብ እንኳ ቢኖር እርካታና ተስፋ ያለው ሕይወት መኖር ነው ይላል። እኔ ዛሬ በአንድ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ፤ ኪኒኔን እውጣለሁ፤ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ድባቴ ይጫነኝና ለቀናት ከአልጋ መነሣት ያቅተኛል። አልዳንኩም፤ አገግሜያለሁ።

ይህን ስል ሕመሙን ማቅለሌ አይደለም። በቡታጅራ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት እየሄደ ጠይቆ፣ ስኪዞፍሬንያን የመሰለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለይቶ ለዓመታት ተከታትሏቸዋል። ከዚያ ሁሉ ሥራ ውስጥ ከአእምሮዬ የማይወጣው የ10 ዓመት ክትትሉ ያሳየው ነገር ነው፦ እነዚህ ሰዎች ከቀሪው ሕዝብ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው ይሞታሉ። ከሞታቸው ምክንያቶች ቀዳሚው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው፤ ይኸውም ማንኛውም ሰው ታሞ የሚድንበት፣ «ሐኪም ቤት እንውሰደው» ብሎ የሚነሣ ሰው ብቻ የሚፈልግ ዓይነት በሽታ። እኔ ያንን ቁጥር ባየሁ ቁጥር የማነበው ጠያቂ ማጣት ምን ያህል ዕድሜ እንደሚበላ ነው።

የእኔ የመጀመሪያዋ ጠያቂ የመጣችው ከሆስፒታል በወጣሁ በአምስተኛው ወር ነው፤ መጣች ከምል አጠገቤ ተቀመጠች ብል ይሻላል። የቀጠሮዬ ቀን ነበር። ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ተራ ስጠብቅ፣ ታላቅ እህቴ ልትሆን የምትችል፣ ነጠላዋን ያጣፋች ሴት እጄን ለረጅም ጊዜ አየችና «የመርፌው ነህ?» አለችኝ። በወር አንድ ጊዜ ፍሉፌናዚን የሚባል መርፌ እወጋ ነበር። መንጋጋዬ ይደርቃል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ስራመድ እግሬ እንደ እንጨት ነው። እኔ ግን ይህ ሁሉ የሕመሙ ፀባይ ነው፣ እንግዲህ የቀረኝ ሰውነት ይኸው ነው ብዬ ደምድሜ ስለነበር ለሐኪሙ አንድም ቀን አልተናገርኩም። ሐኪሙም ከደጅ ያለውን ሰልፍ እያየ ስለ እጄ አላነሣብኝም።

«እሱ እኮ በሽታው አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው» አለችኝ። «ዛሬ ስትገባ ንገራቸው። ለእሱ የሚታዘዝ ኪኒን አለ፤ ካልሆነም መጠኑን ይቀንሱልሃል። እኔ ዓመት ሙሉ ሳልናገር ነው የተሠቃየሁት።»

ነገርኳቸው። ትራይሄክሲፌኒዲል የሚባል ኪኒን ታዘዘልኝና ከጥቂት ቀናት በኋላ ቡና ሳላፈስ ስኒ መያዝ ቻልኩ።

ያቺ ሴት የነገረችኝን ማንኛውም የፋርማሲ ባለሙያ ሊነግረኝ ይችል ነበር። ልዩነቱ እሷ ሳልናገር እጄን አይታ ማወቋ ነው። ሌላም ነገር ነበር። ስታወራኝ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች እንደምታስረክብ፣ ልጇ ሰባተኛ ክፍል እንደደረሰ፣ የቤት ኪራይ እንዳስመረራት እየነገረችኝ በመሀል ትስቅ ነበር። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ከዚህ ሕመም ጋር እየኖረ የሚስቅና ስለ ኪራይ የሚያማርር ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ያየኋቸው ሁሉ ጨርቃቸውን ጥለው አደባባይ ላይ የቆሙት ናቸው። አሁን ሳስበው ነገሩ ግልጽ ነው፦ የወደቀው ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ያገገመው ግን ስለሚደበቅ ማንም አያየውም። ሰፈራችን ውስጥ ከባንክ ሠራተኛው፣ ከአስተማሪዋ፣ ከታክሲ ረዳቱ መካከል ስንቶቹ በየወሩ ካርድ ይዘው አግዳሚ ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ ስለማናውቅ፣ ሕዝቡ «ከዚህ ሕመም የሚመለስ የለም» ብሎ ቢያምን በቂ ምክንያት አለው። ታማሚው ራሱም ያንኑ ያምናል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያሉ የሚመክሩን አሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያልደበቀ ምን እንዳጣ የሚናገር ሌላ ተረት ቢኖር ደግ ነበር። ከመካከላችን አንዷ ለቀጣሪዋ ተናግራ የሙከራ ጊዜዋ ሳያልቅ ተሰናበተች። ሌላው ሽማግሌ ልኮ እሺ ከተባለ በኋላ «የቤቱን ዘር ስናጣራ» የሚል ቃል መጣበት። ስለዚህ ማንንም «ወጥተህ ተናገር» አልልም። አደባባይ ከመውጣት በፊት አንድ ሰው ፊት መናገር አለ፤ ያም ሰው የዚያው ሕመም ባለቤት ሲሆን የሚከፈለው ዋጋ ይቀንሳል።

ከሴትየዋና ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር በየ15 ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት መገናኘት የጀመርነው እንዲህ ባለ ስሌት ነው። መጀመሪያ ሻይ ቤት ነበር የምንቀመጠው፤ ነገር ግን አንዱ ማልቀስ ሲጀምር አስተናጋጁ ሒሳብ ይዞ ስለሚመጣ አልተመቸንም። ከዚያ የአንድ እድር አዳራሽ፣ ድንኳንና ወንበር የሚቀመጥበትን ቤት፣ እንዲፈቀድልን ጠየቅን። የእድሩ ሰብሳቢ ምን ዓይነት ስብስብ እንደሆነ እውነቱን ስንነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና «ወንበሩን ራሳችሁ ታወጣላችሁ፤ ራሳችሁ ትመልሳላችሁ» አሉ። እስከ ዛሬም ከእኛ የፈለጉት ይህን ብቻ ነው።

አሁን ሳናቋርጥ የምንመጣው 14 ነን። ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ጡረተኛ መምህር አሉ፤ ከ40 ዓመት በላይ ከባይፖላር ጋር ኖረዋል። ከቤይሩት የቤት ሠራተኝነት ተመልሳ፣ እዚያ የደረሰባትን ለመናገር ሰባት ስብሰባ የፈጀባት ወጣት አለች። ድምፅ የሚሰማቸው አሉ፤ ፍርሃት ከቤት የማያስወጣቸው አሉ። ቡና ይፈላል፤ ከዚያ እያንዳንዱ የሁለት ሳምንቱን ይናገራል፤ መናገር ያልፈለገ «ዛሬ ልስማ» ይላል። ሰላምታችን «እንዴት ከረማችሁ» አይደለም፤ «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ነው። ብዙዎቻችንን ሕመሙ የሚመለስብን በእንቅልፍ በር በኩል ስለሆነ፣ ሦስት ሌሊት በሚገባ ያልተኛ ሰው መኖሩን ስንሰማ ቡናው ሁለተኛ ከመድረሱ በፊት ወሬው ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል።

ከምንሠራቸው ነገሮች ሁሉ የሚጠቅመኝ አንዲት ወረቀት ናት። እያንዳንዳችን ጤነኛ በሆንበት ቀን፣ ሕመሙ ሊነሣብን ሲል የምናሳያቸውን ምልክቶች በራሳችን እጅ ጽፈን ለአንድ የቡድኑ አባልና ለአንድ የቤተሰብ ሰው እንሰጣለን። የእኔ ወረቀት ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦ በሌሊት ለድሮ ጓደኞች እደውላለሁ፤ በዱቤ ዕቃ እገዛለሁ፤ ምግብ እረሳለሁ፤ በማንኛውም ወረቀት ጠርዝ ላይ ቁጥር እጽፋለሁ። ከእነዚህ ሁለቱ ከታዩ የባንክ ካርዴን ለእህቴ አስረክቤ በማግሥቱ ሐኪሜ ዘንድ እሄዳለሁ ብዬ ፈርሜበታለሁ። ሕመሙ ሲመጣ ጤነኛ እንደሆንኩ ስለሚነግረኝ እናቴ ብትለምነኝ አልሰማም፤ ጋሼ ግን ያንን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው በራሴ የእጅ ጽሑፍ ሲያሳዩኝ የምክደው ነገር አጣለሁ። በዚህ መንገድ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ሳልተኛ ተርፌያለሁ።

ደንባችን ጥቂት ነው። እዚያ የተነገረ ከዚያ አይወጣም። ማንም ለማንም መድኃኒት አያዝም፤ «ተወው» ወይም «ጨምረው» አይልም፤ ምክንያቱም በዚህ ነገር አንዳችን ለአንዳችን ሐኪም ልንሆን ብንሞክር «የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል» የሚለው ተረት እውነት ይሆንብናል (ይህን ቀልድ የምንቀልደው እኛው ነን፤ ከውጭ ሲመጣ አያስቀንም)። ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ አባል ሲኖር ግን ወሬ አናበዛም፤ ብቻውን ሳንተወው ይዘነው ወደ ሕክምና እንሄዳለን።

ጸበል ወይስ ሐኪም የሚለው ክርክር ደግሞ ሊበትነን ደርሶ ነበር። ከአባላቱ ግማሹ ሰንብተው ከመጡበት ከእንጦጦ ወይም ከሸንኮራ የሚናገሩት በጎ ነገር አላቸው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ እግራቸው ላይ የሰንሰለት ጠባሳ አለ። ነገሩን ያበረዱት ጋሼ ናቸው። በኤች አይ ቪ ጊዜ ብዙ ሰው ጸበል ለመግባት ብሎ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ፣ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ ከእምነት ጋር እንደማይጋጭ ማስተማራቸውን አስታወሱንና «እናንተ ከፓትርያርክ ልትበልጡ ነው?» አሉን። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አልተነሣም። ጸበል የሚሄድ ሰው ኪኒኑን በቦርሳው ይዞ እንዲሄድ፣ ካህኑንም ቀድሞ እንዲያነጋግር ብቻ እናሳስባለን።

መድኃኒት ስለሚያቋርጡ ሰዎች ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው ግንዛቤ ማጣት ነው። እውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ረኃብ ነው። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የምግብ ፍላጎትን እጅግ ይጨምራሉ፤ ቤት ውስጥ ምግብ ከሌለ ኪኒኑን መዋጥ ረኃብን በገዛ እጅ መጥራት ይሆናል። በቡታጅራ ታማሚዎችንና ቤተሰቦቻቸውን ያነጋገረ ጥናትም በቂ ምግብ ማጣት ሰዎች መድኃኒት ከሚያቋርጡባቸው ምክንያቶች አንዱ መሆኑን መዝግቧል። በእኛ ቡድን ይህን ያወቅነው አንድ የጫኝና አውራጅ ሠራተኛ «ኪኒኑን ስተው ነው የምጠግበው» ባለን ቀን ነበር። ያን ጊዜ በየስብሰባው ትንሽ ትንሽ እያዋጣን የምናስቀምጠውን ገንዘብ ከፈትን፤ ማንም ሳያውቅበት በወር አንድ ጊዜ ዱቄትና ሽሮ ወደሚያስፈልገው ቤት ይሄዳል። ሐኪሙ ዘንድ ይህን ቃል መናገር ያፍር ነበር፤ እኛ ዘንድ በሳቅ ነገረን።

የሠራነውን ብቻ መጻፍ ግን ሐቅ አይሆንም። ትምህርቱን በሕመም ያቋረጠ፣ ድምፅ የሚሰማው አንድ ወጣት ስድስት ጊዜ መጥቶ ቀረ። በውጭ የተዘጋጁ መመሪያዎች ላይ ተሳትፎ በፈቃደኝነት መሆን እንዳለበት አንብበን ስለነበር «ምርጫውን እናክብርለት» አልንና ዝም አልን። ከአራት ወር በኋላ እህቱ ስልካችንን አፈላልጋ ደወለች። ልጁ ከእነዚያ ወራት ሦስቱን ጓሮ ባለ ክፍል እግሩ ታስሮ ነበር። ቤተሰቡ ጨካኝ አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ሌሊት ጠፍቶባቸው አስፋልት መካከል ስላገኙት የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነው። «ለመሆኑ አንድ ሰው እንኳ እንዴት የት ገባ ብሎ አይጠይቅም?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። እኛ፣ ባለመጠየቅ የተጎዳን ሰዎች፣ ያንኑ መልሰን በሌላው ላይ አድርገነዋል።

ይህን ለአክስቴ ብነግራት ተቆጣችኝ። አክስቴ ከቫይረሱ ጋር የምትኖር ናት፤ በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ለዓመታት በአንድ ጤና ጣቢያ ሰዎች መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ የምትደግፍ ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋ ቀጠሮ ያሳለፈውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ መፈለግ ነበር። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ከሄደ ሰፈሩ ያውቃል፤ እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቡና ቆልታ በላስቲክ ይዛ፣ እንደ ዘመድ ትገባለች። በሩን የከፈተላት ሰው «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ሲላት የራሷን ኪኒን ከቦርሳዋ አውጥታ ታሳየዋለች። «እናንተ ገና በእኛ 1990 ላይ ናችሁ» አለችኝ። እንደ መቅድምና ተስፋ ጎሕ ያሉ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ማኅበራት የተቋቋሙበትን ዘመን ማለቷ ነው። ያኔ መድኃኒት አልነበረም፤ እርስ በርስ ከመጠያየቅና አንዱ ሲሞት ከመቅበር በቀር የሚሠሩት ብዙ አልነበራቸውም። መድኃኒቱ ሲመጣ ግን ሕዝቡ ዘንድ ያደረሱት እነዚያው ጠያቂዎች ናቸው። ቫይረሱ ያለባቸው ነፍሰ ጡሮችና እናቶች የሚደጋገፉበት ቡድንም፣ በየጤና ጣቢያው የተቀጠሩት ደጋፊዎችም የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ አገር የአቻ ለአቻ ድጋፍ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር እንደሆነ ሲነገር የማልስማማው ለዚህ ነው፤ የምናውቀውን ነገር ወደ አእምሮ ሕመም ማሻገር ብቻ ነው የቀረን።

በሌሎች አገሮችም ሲሆን ታይቷል። ካምፓላ በሚገኘው ቡታቢካ ሆስፒታል ቀድሞ ታካሚ የነበሩ ሰዎች ሠልጥነው አዲስ የወጡትን ቤታቸው ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ። በፓሪሱ ቢሴትር ሆስፒታል ደግሞ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ራሱ በአንገት እጢ ሕመም ታካሚ ሆኖ ገብቶ በዚያው የቀረው ዣን ባቲስት ፑሳን፣ የአእምሮ ሕሙማኑን የሚጠብቁ ሠራተኞችን ከታማሚነት ካገገሙት መካከል ይመርጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1797 ሕሙማኑ የሚታሰሩበትን ሰንሰለት ያስወገደውም እሱ ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰው እጅ መሠራታቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ታስሮ የሚያውቅ ሰው ሌላውን ለማሰር እጁ ይከብደዋል።

የእኛው ሶዶ ወረዳ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ ጥናት ደግሞ ትዕግሥትን አስተምሮኛል። በ48 አካባቢዎች የሚኖሩ፣ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው 166 ሰዎች ተመርጠው፣ ከፊሎቹ በጤና ጣቢያ ከሚያገኙት ሕክምና በተጨማሪ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤታቸው እየሄዱ ጠየቋቸው፤ ቤተሰቡን አነጋገሩ፤ ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለሱ አገዙ። በስድስተኛው ወር ሲለካ ከሌሎቹ ጋር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበራቸውም። በ12ኛው ወር ግን የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን መምራት ከሌሎቹ ይልቅ ቀሏቸው ተገኙ። ጠያቂዎቹ ሕመሙ የነበረባቸው ሰዎች አልነበሩም፤ ስለዚህ የእኛን ሥራ በቀጥታ ያስመሰክራል አልልም። ነገር ግን «አራት ጊዜ ሄድኩ፤ ለውጥ የለውም» የሚል አባል ሲኖር ያንን ስድስተኛ ወር አነሣበታለሁ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አገራችን ውስጥ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ማኅበር አለ፤ ድምፃችን እንዲሰማ የሚደክሙ ሰዎችም አሉ። ይሁን እንጂ በየሆቴሉ አዳራሽ በሚደረገው ዐውደ ጥናት እኛ የምንጠራው አብዛኛውን ጊዜ የምሳ ሰዓት ሲቃረብ ለ10 ደቂቃ ታሪካችንን እንድንናገር ነው። ተናግረን፣ ተጨብጭቦልን፣ የትራንስፖርት ፈርመን እንወጣለን። አክስቴ ግን ደመወዝ ነበራት። በአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ሕመሙን ያለፉ ሰዎች ምስክር ወረቀት ይዘው ለሚሰጡት ድጋፍ የመንግሥት የጤና መድን መክፈል ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከእኛ መካከል ለሁለት ቀን ሥራ ቀርቶ የታመመ ሰው ሲያስታምም የዕለት ገቢው የቀረበት አለ፤ ያስታመመው ሰው ሕመም ቀስቅሶበት ራሱ የተኛም አለ። መጠየቅ ነፃ ነው ቢባልም ጠያቂው ይበላል፤ ይደክመዋልም።

ከልጁ ታሪክና ከአክስቴ ቁጣ በኋላ አንድ ደንብ ጨመርን፦ ሁለት ስብሰባ የቀረ ሰው፣ ሲመዘገብ ከፈቀደ፣ ሁለት አባላት ሄደው ይጠይቁታል። ቀድመን እንደውላለን፤ ጎረቤት ፊት ከየት እንደመጣን አንናገርም።

ባለፈው ቅዳሜ ተራው የእኔና የእንጀራ ነጋዴዋ ነበር። በሩን የከፈቱልን የቀረው አባል እናት ናቸው። ስልክ ላይ ስማችንን ሰምተውት የነበረ ቢሆንም በጥርጣሬ አዩንና «ዕዳ አለበት እንዴ ልጄ?» አሉን። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱን ብሎ የመጣ እንግዳ ስላልነበረ የገመቱት ይህንን ነበር። «የለም እማማ፤ ልንጠይቀው ነው የመጣነው» አልናቸው። ፌስታሉን ተቀብለው ብርቱካኖቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ፤ ከዚያ መልሰው ወደ ፌስታሉ ከተቱ፤ ከዚያ ደግሞ አወጧቸው። ከሰል ለማቀጣጠል ሲወጡ ዓይናቸውን በነጠላቸው ይጠርጉ ነበር።

እሱ ከክፍሉ አልወጣም። በሩ ሥር ወንበር አስጠግቼ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እድሩ አዳራሽ፣ ጋሼ ስለገዙት አዲስ መነጽር አወራሁ። ሁለተኛው ቡና እስኪደርስ ድረስ ከውስጥ ምንም ድምፅ አልነበረም። ልንነሣ ስንል በሩ ሳይከፈት ድምፁ መጣ።

«መርፌው ያንተንም እጅ ያንቀጠቅጠው ነበር?»

«ያንቀጠቅጠው ነበር» አልኩት። «ስኒ መያዝ አልችልም ነበር።»